የሰርቨር ኤስኤስዲ ሙቀት፦ ከመለካት እስከ ማቀዝቀዝ

ኤስኤስዲ (ዳታን በቺፕ ላይ የሚያስቀምጠው ድራይቭ) የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው አይሞቅም የሚል እምነት እስካሁን አልጠፋም። ሳታ በሚባለው የቀድሞው የድራይቭ ማገናኛ ዘመን ይህ ከእውነት ብዙም የራቀ አልነበረም፤ አንድ የሳታ ኤስኤስዲ ሥራ በዝቶበት እንኳ የሚወስደው ጥቂት ዋት ነው። ዛሬ ሰርቨር ፊት ላይ የሚሰካው ባለ 2.5 ኢንች ዩ.2 ኤንቪኤምኢ ድራይቭ (ዩ.2 የመሰኪያው ዓይነት፣ ኤንቪኤምኢ ደግሞ ፈጣኑ የመገናኛ ደንብ ነው) ግን እስከ 25 ዋት ሊወስድ ይችላል። 24ቱ ጎን ለጎን በተደረደሩበት ባለ 2 ዩ (በራክ፣ ማለትም በሰርቨር መደርደሪያ፣ ላይ ሁለት ረድፍ የሚይዝ) ሰርቨር ይህ እስከ 600 ዋት ይደርሳል፤ ያውም ፕሮሰሰሮቹ ሳይቆጠሩ።

ችግሩ ኤስኤስዲ ሲሞቅ አለመጮኹ ነው። ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ትሮትል አደረገ የምንለው ይህንን ነው። ሥራውን ግን አያቋርጥም። ስለዚህ ሰው የሚያየው ዳታቤዙ መንቀራፈፉን ብቻ ይሆናል። ኢንዴክስ ይፈተሻል፣ ኔትወርክ ይጠረጠራል፣ አፕሊኬሽኑን የጻፈው ልጅ ይወቀሳል፤ ድራይቩ ስንት ዲግሪ ላይ እንዳለ የሚጠይቅ አይገኝም። በሬይድ (ብዙ ድራይቮችን እንደ አንድ በሚያሠራው አደረጃጀት) ወይም በብዙ ሰርቨር ላይ በተከፋፈለ ስቶሬጅ ውስጥ ደግሞ አንድ የሞቀ ድራይቭ ሌሎቹንም ወደኋላ ይጎትታል፤ ጽሑፉ አለቀ የሚባለው የመጨረሻው ድራይቭ ሲጨርስ ነውና።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ይመረጣል፦ መጀመሪያ መለካት፣ ቀጥሎ የአየሩን መንገድ ማስተካከል፣ ከዚያ ሂትሲንክ (ሙቀትን ከቺፕ ወስዶ ለአየር የሚሰጥ ብረት)፣ በመጨረሻ ፋን ማፍጠን። ብዙ ሰው ከመጨረሻው ይጀምርና ጫጫታና የኤሌክትሪክ ወጪ ጨምሮ፣ ድራይቩን እንደሞቀ ትቶት ይሄዳል።

ለመሆኑ ስንት ዲግሪ ነው ጥሩ?

በአንድ ኤስኤስዲ ላይ ሙቀትን በተለያየ መንገድ የሚያስተናግዱ ሁለት አካላት አሉ። አንዱ ኮንትሮለሩ ነው። ትንሽ ፕሮሰሰር ስለሆነ ከሁሉም በላይ የሚሞቀው እሱ ነው፤ ሲቀዘቅዝለት ደስ ይለዋል። ሌላው ዳታው የሚቀመጥበት ናንድ ነው፤ የዚህ ጠባይ ለየት ይላል። ሲጻፍበት ሞቅ ማለቱ አይጠላም፤ እንዲያውም መጻፍና መደምሰስ በሴሎቹ ቀጭን ሽፋን ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ሙቀቱ በከፊል ያድሰዋል። የተጻፈው ዳታ ተቀምጦ ሲቆይ ግን ሙቀት ጠላቱ ነው፤ በሴሉ ውስጥ የታሰረው ቻርጅ ቶሎ ይሾልካል። በአንድ ሙቀት ጽፎ በጣም በተለየ ሙቀት ማንበብም የቢት ስህተትን ያበዛል።

የቺፕ ኢንዱስትሪው መስፈርት አውጪ ጄዴክ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው ጄኢኤስዲ218 የተባለው መስፈርት ይህንን ያንጸባርቃል። የኢንተርፕራይዝ ኤስኤስዲ በቀን 24 ሰዓት በ55 ዲግሪ እየሠራ የመጻፍ ዕድሜው ሲያልቅ፣ ኃይል ተቋርጦበት በ40 ዲግሪ ለ3 ወር ዳታውን መያዝ አለበት ይላል። ለግል ኮምፒውተር የሚሠሩት ደግሞ በቀን 8 ሰዓት በ40 ዲግሪ ሠርተው፣ በ30 ዲግሪ ለ1 ዓመት እንዲይዙ ይጠበቃል። ከዚህ የሚወጣ ተግባራዊ ነገር አለ፦ ከሰርቨር ያወጣችሁትን፣ ብዙ የተጻፈበትንና ዳታ ያለበትን ድራይቭ ሞቃት መጋዘን ውስጥ ጥላችሁ አትርሱት።

ፌስቡክና ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተሙት የመስክ ጥናት ሙቀት ሲጨምር የብልሽት መጠን እንደሚጨምር፣ ራሳቸውን የሚገድቡ ድራይቮች ላይ ግን ጉዳቱ በእጅጉ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ስለዚህ ትሮትል ድራይቩን ከጉዳት እየጠበቀ ያለ ነገር ነው፤ መጥፋት ያለበት ትሮትል ሳይሆን ድራይቩ የሚሞቅበት ምክንያት ነው።

የኔ ሚዛን ይህ ነው፦ ሥራ በዝቶበት ከ40 እስከ 60 ዲግሪ መካከል ረግቶ የሚቆይ ድራይቭ አያሳስብም። 30 ዲግሪ ላይ ለማውረድ መታገል ትርፉ ድካም ነው። ቀን 65፣ ሌሊት 30 እያለ የሚዋዥቅ ድራይቭ 58 ላይ ከረጋው ይልቅ ያሳስበኛል።

ደረጃ 1፦ የድራይቩን የራሱን ገደብ አንብቡ

ከኢንተርኔት ላይ በተገኘ ቁጥር አትመሩ፤ እያንዳንዱ ሞዴል ገደቡን ራሱ ይናገራል። ሊነክስ ላይ ኤንቪኤምኢ-ሲኤልአይ የሚባለውን ጥቅል ጭናችሁ የኮንትሮለር መለያውን የሚያወጣውን ትዕዛዝ ስትሰጡ ሁለት ቁጥሮች ታገኛላችሁ። የመጀመሪያው የማስጠንቀቂያ ሙቀት ነው፣ ሁለተኛው አደገኛው ሙቀት። የሚጻፉት በኬልቪን ስለሆነ 273 ቀንሱላቸው፤ 343 ካያችሁ 70 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፣ 353 ካያችሁ 80። ሁለቱን በእያንዳንዱ ሞዴል መዝግባችሁ ያዙ፤ ከዚህ በኋላ የምናወጣቸው ገደቦች በሙሉ ከእነዚህ የሚቀነሱ ናቸው።

ለሳታ ድራይቮች ስማርትሞንቱልስ የሚባለውን ጥቅል ተጠቀሙ፤ ሙቀቱ በአብዛኛው በመለያ ቁጥር 194 ወይም 190 ላይ ይገኛል። የሊነክስ ከርነል ከ5.5 ጀምሮ የኤንቪኤምኢ ሙቀትን፣ ከ5.6 ጀምሮ ደግሞ በድራይቭቴምፕ ሞጁል የሳታውን ሙቀት ለተለመደው የሴንሰር ማሳያ ስለሚያቀርብ፣ ለዕለታዊ ክትትል ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም።

ደረጃ 2፦ አሁን ያለውን ብቻ ሳይሆን ያለፈውንም እዩ

ብዙ ሰው የስማርት ሎጉን (ድራይቩ ስለ ራሱ ጤና የሚይዘውን መዝገብ) ከፍቶ የመጀመሪያውን የሙቀት መስመር ብቻ አይቶ ይዘጋል። ዋናው መረጃ ያለው ከታች ነው። እንዲህ የሚል ድራይቭ ገጠማችሁ እንበል፦

ኮምፖዚት ቴምፕሬቸር፦ 58 ዲግሪ
ሴንሰር 1፦ 58 ዲግሪ
ሴንሰር 2፦ 74 ዲግሪ
ዋርኒንግ ቴምፕሬቸር ታይም፦ 212
ክሪቲካል ቴምፕሬቸር ታይም፦ 0
ተርማል ማኔጅመንት 1 የተሸጋገረበት ብዛት፦ 940
በተርማል ማኔጅመንት 1 የቆየበት ጊዜ፦ 18600

ኮምፖዚት የሚባለው ድራይቩ ስለ ራሱ በጥቅሉ የሚናገረው ሙቀት ነው፤ 58 ዲግሪ ሲታይ ሁሉም ሰላም ይመስላል። ዋርኒንግ ታይም የሚቆጠረው በደቂቃ ስለሆነ ግን ይህ ድራይቭ በዕድሜው ከ3 ሰዓት ተኩል በላይ ከማስጠንቀቂያው ሙቀት በላይ ቆይቷል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ይበልጥ ይናገራሉ፦ 940 ጊዜ ቀለል ባለው የትሮትል ደረጃ ገብቷል፤ 18600 በሰከንድ ስለሆነ ድምሩ 5 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ነው። ለአንዱ በአማካይ 20 ሰከንድ ገደማ ይደርሰዋል ማለት ነው። ይህ ቀኑን ሙሉ የሚሞቅ ድራይቭ አይመስልም፤ በየጊዜው ከባድ ጽሑፍ ሲወርድበት ለአጭር ጊዜ ትሮትል የሚያደርግ ነው፤ ባክአፕ ወይም የዳታቤዝ ቼክፖይንት ሊሆን ይችላል።

ሦስት ነገር ልብ በሉ። እነዚህ ቆጣሪዎች የዕድሜ ልክ ድምር ናቸው፤ ስለዚህ ዛሬ መዝግባችሁ ከሳምንት በኋላ ልዩነቱን አስሉ። ሁለተኛ፣ አንዳንድ ድራይቮች የትሮትል ቆጣሪዎቹን አይሞሉም፤ ዜሮ ስለታየ ትሮትል የለም ብሎ መደምደም አይቻልም። ሦስተኛ፣ ሴንሰር 1 እና 2 የት እንዳሉ የሚወስነው አምራቹ ነው። እዚህ ምሳሌ ላይ 74 የሚለው የኮንትሮለሩ ሊሆን ይችላል፤ አምራቹ በሰነዱ ካልገለጸው ግን ግምት ነው። የማስጠንቀቂያ ገደቡ የሚመዘነው በኮምፖዚት ቁጥሩ ስለሆነ እሱን ያዙ።

ደረጃ 3፦ ሥራ ጭናችሁ ለኩ

ሥራ ፈቶ የተቀመጠ ድራይቭ ሙቀት ምንም አይነግራችሁም። ፊዮ የሚባለውን የድራይቭ መፈተኛ ፕሮግራም ተጠቅማችሁ ተከታታይ ጽሑፍ፣ በ128 ኪሎባይት ብሎክ፣ ሙቀቱ መውጣት እስኪያቆም ድረስ ጫኑበት፤ ቢያንስ 30 ደቂቃ ስጡት። አምስት ደቂቃ በቂ አይደለም፤ ብረቱና የድራይቩ ሳጥን ሙቀት እስኪጠግቡ ጊዜ ይወስዳሉ። ፊዮ በቀጥታ በድራይቩ ላይ ከጻፈ ያለውን ዳታ እንደሚያጠፋ አትርሱ፦ ባዶ ድራይቭ ላይ ወይም በፋይል ላይ ብቻ አስኬዱት።

ፈተናው እየሄደ ሦስት ነገር በየ5 ሰከንዱ መዝግቡ፦ የድራይቩን ሙቀት፣ የጽሑፉን ፍጥነት፣ የሰርቨሩን የመግቢያ አየር ሙቀት። የመጨረሻውን ከቢኤምሲው (ሰርቨሩን ከኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ተለይቶ ከሚቆጣጠረው ትንሽ ኮምፒውተር) በአይፒኤምአይቱል ትዕዛዝ ታገኙታላችሁ። ሁሉንም ድራይቮች አንድ ላይ ፈትኑ፤ አንዱን ለብቻው መፈተን ጎረቤቶቹ የሚያመጡበትን ሙቀት ይደብቃል።

ፍጥነቱ እንደ መጋዝ ጥርስ እየወረደና እየወጣ ሙቀቱ ገደቡ አካባቢ ከተጣበቀ ትሮትል ነው። ፍጥነቱ አንዴ ወርዶ እዚያው ከረጋ፣ ሙቀቱ ግን ዝቅ ያለ ከሆነ፣ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የድራይቩ ፈጣን የመጻፊያ ካሽ ሞልቷል። ሁለቱን አታምታቱ፤ ለሁለተኛው ፋን አይፈውስም።

አሁን ከሁሉም የምትፈልጉትን ቁጥር አስሉ፦ የድራይቩ የረጋ ሙቀት ሲቀነስ የመግቢያ አየሩ ሙቀት። ድራይቩ 62 ላይ ረግቶ መግቢያው 22 ከሆነ ልዩነቱ 40 ነው። የፋኑ ፍጥነትና ጭነቱ ካልተለወጡ ይህ ልዩነት ብዙም አይለወጥም። ስለዚህ የክፍሉ ማቀዝቀዣ ተበላሽቶ መግቢያው 32 ቢደርስ ድራይቩ 72 አካባቢ እንደሚሆን ዛሬውኑ ታውቃላችሁ፤ ገደቡ 70 ከሆነ ተበላሽቶ እስኪታይ መጠበቅ አያስፈልግም። ከዚህ በኋላ የምታደርጉትን ማንኛውንም ማስተካከያ የምትመዝኑትም በዚሁ ልዩነት ነው።

ደረጃ 4፦ አየሩን ምሩት

በዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ፤ ወጪው ትንሽ፣ ትርፉ ግን ትልቅ ነው።

ራክ ላይ የሚገባ ሰርቨር አየር የሚስበው ከፊት ነው፤ ድራይቮቹን፣ ከዚያ ፋኖቹን፣ ከዚያ ፕሮሰሰርና ሜሞሪውን አልፎ በኋላ ይወጣል። አየር ሰነፍ ነው፤ ቀላሉን መንገድ ካገኘ ከባዱን አይሄድም። ባዶ ስሎት ላይ ብላንኩ (መሸፈኛው) ከጎደለ አየሩ በዚያ ክፍት አፍ ይገባና በተጨናነቁት ድራይቮች መካከል ባለው ጠባብ ክፍተት የሚያልፈው ይቀንሳል። የሰርቨሩ ፋን ሙሉ ፍጥነት ላይ ሆኖ ድራይቮቹ ሲሞቁ ካያችሁ መጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው። ብላንኮቹ ከሳጥን ሲወጡ ተጥለው ከሆነ የዚያኑ ሞዴል ፈልጋችሁ አስገቡ፤ ካርቶን ቆርጦ መሰካት ለጊዜው ይሠራል፣ ይሁንና ተቀጣጣይ ነገር ሰርቨር ውስጥ መተው አይመከርም።

ክዳኑን ከፍቶ ማቀዝቀዝ የሚባለው ልማድም ይቅር። ክዳኑ ሲከፈት ፋኖቹ የሚስቡት አየር ከላይ ይመጣል፤ በድራይቮቹ በኩል የሚያልፈው ይጠፋል። ፕሮሰሰሩ ምናልባት አይጎዳም፣ ድራይቮቹ ግን ይሞቃሉ። ለጥገና ስትከፍቱ ጊዜውን አሳጥሩ።

ምን ያህል አየር እንደሚያስፈልግ ለመገመት ቀላል ስሌት አለ፦ የአየሩ ሙቀት ጭማሪ በዲግሪ፣ የዋቱ 3 እጥፍ በሰዓት ለሚያልፈው ሜትር ኩብ ተካፍሎ የሚገኘው ነው። ይህ በባሕር ወለል ደረጃ ላለ አየር ነው። 24 ድራይቮች እያንዳንዳቸው 20 ዋት ቢወስዱ 480 ዋት ይሆናል፤ በሰዓት 150 ሜትር ኩብ አየር ካለፈ አየሩ 9.6 ዲግሪ ይሞቃል። መግቢያው 24 ከነበረ ከድራይቮቹ ጀርባ የሚወጣው 34 ገደማ ነው፤ ፕሮሰሰሮቹ የሚቀዘቅዙት በዚያ ነው። ፋኖቹ ለምን እንደሚጮኹ አሁን ይገባል።

ከፕሮሰሰሮቹ ኋላ በማዘርቦርዱ ላይ ለተኛው ኤም.2 ድራይቭ (ያለ ሳጥን የሚመጣ ቀጭን ሰሌዳ) ደግሞ እጅግ ይብሳል። እሱ ጋ የሚደርሰው አየር ድራይቮቹን፣ ሜሞሪውንና ፕሮሰሰሩን አልፎ ሞቆ የመጣ ነው። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ብቻ ካለበት አይከፋም። ዳታቤዝ እዚያ ላይ ማስቀመጥ ግን ስህተት ነው፤ ከባድ የሚጻፍበትን ሁሉ ፊት ወዳሉት ስሎቶች አምጡ።

ከሰርቨሩ ውጭ ያለውን ራክም እዩት። ሰርቨር የሌለባቸው የራክ ቦታዎች ካልተሸፈኑ ከኋላ የወጣው ትኩስ አየር በእነሱ በኩል ወደ ፊት ይዞራል፤ የላይኞቹ ሰርቨሮች መግቢያ ከታችኞቹ በብዙ ዲግሪ ከበለጠ ምክንያቱ ይህ ነው። የኋላ ኬብሎችን ከአየር መውጫው ላይ አንሱ፤ የፊት ማጣሪያ ካለ አቧራውን አራግፉ።

ደረጃ 5፦ ሂትሲንክና ተርማል ፓድ

ዩ.2 ድራይቮች ሳጥናቸው ራሱ ሂትሲንክ ነው፤ ምንም አይጨመርባቸውም። ኢ1.ኤስ የሚባሉት ደግሞ ከፋብሪካ በተለያየ ውፍረት ይመጣሉ፤ 9.5፣ 15ና 25 ሚሊሜትር ያላቸው ከሂትሲንክ ወይም ከብረት ሽፋን ጋር ናቸው። ሲገዙ ሰርቨሩ የትኛውን ውፍረት እንደሚቀበል ማረጋገጥ ብቻ በቂ ነው። ሥራው ያለው እርቃኑን የሚመጣው ኤም.2 ላይ ነው።

ፓዱን (ሙቀትን ከቺፕ ወደ ሂትሲንክ የሚያሳልፈውን ንጣፍ) ከመለጠፋችሁ በፊት በቺፕና በሂትሲንኩ መካከል ያለውን ክፍተት ለኩ። ኮንትሮለሩና ናንዱ አብዛኛውን ጊዜ ቁመታቸው እኩል አይደለም። ፓዱ ቀጭን ከሆነ ከፍ ያለውን ነክቶ ዝቅ ያለውን አየር ላይ ይተወዋል፤ ከመጠን በላይ ወፍራም ከሆነ ደግሞ ብሎኑ ሲጠብቅ ሰሌዳውን ያጎብጣል። የጎበጠ ሰሌዳ የቺፕ ብየዳ ይሰነጥቃል። ከክፍተቱ ጥቂት የሚወፍር፣ ሲጫን የሚታመቅ ለስላሳ ፓድ ምረጡ። በሁለቱም በኩል ያሉትን ፕላስቲኮች ልጡ። አንዱ ብዙ ጊዜ የማይታይ ግልጽ ነው፤ እሱ ካልተላጠ ሂትሲንኩ ጌጥ ይሆናል። ካስቀመጣችሁ በኋላ አንዴ አንስታችሁ ፓዱ ላይ የቺፖቹ ቅርጽ በእኩል ታትሞ እንደሆነ እዩ፤ ኮንትሮለሩ ያለበት ቦታ ለስላሳ ከቀረ አልነካም። ከዚያ አዲስ ፓድ አድርጋችሁ ዝጉት።

ድራይቩ ላይ ያለውን ስቲከር አትላጡ። አንዳንዱ ውስጡ የመዳብ ወይም የግራፋይት ቅጠል ስላለው ሙቀት ያሰራጫል፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ዋስትናው በእሱ ላይ የተመሠረተ ነው። ሁለቱም ፊት ላይ ቺፕ ላለባቸው ድራይቮች ከታችም ፓድ ያስፈልጋል። የሂትሲንኩ ክንፎች አየሩ በሚሄድበት አቅጣጫ ይሁኑ፤ አግድም ከቆሙ አየሩን ይዘጉታል። አየር በማይደርስበት ቦታ ላይ የተገጠመ ሂትሲንክ ሙቀቱ ገደቡ ጋ የሚደርስበትን ሰዓት ያዘገያል እንጂ አያስቀረውም፤ ስለዚህ ደረጃ 4ን አትዝለሉ።

ደረጃ 6፦ የፋን ቅንብር

መጀመሪያ ቢኤምሲው የድራይቮቹን ሙቀት ያያል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ኤንቪኤምኢ-ኤምአይ የተባለው መስፈርት ድራይቩ በኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ሳያልፍ ለቢኤምሲው ሙቀቱን እንዲነግር ያስችላል። የሴንሰር ዝርዝሩ ውስጥ የድራይቮቹ ሙቀት ከሌለ ፋኖቹ የሚመሩት በፕሮሰሰሩና በመግቢያ አየሩ ብቻ ነው። ሌሊት ባክአፕ ሲሄድ ፕሮሰሰሩ ዘና ብሎ ድራይቮቹ የሚቃጠሉት ለዚህ ነው። በፒሲአይኢ ካርድ ላይ የተደረደሩ ኤም.2ዎችም ብዙውን ጊዜ ለቢኤምሲው የማይታዩ ናቸው።

የሚያይ ከሆነ የቢኤምሲውንና የድራይቩን ፈርምዌር አሻሽላችሁ ለእሱ ተዉለት። የማያይ ከሆነ ዝቅተኛውን የፋን ፍጥነት ትንሽ ከፍ አድርጉ። በጣም ከፍ አታድርጉ፤ ፋን የሚወስደው ኃይል በፍጥነቱ ሦስተኛ ርቢ ስለሚያድግ ፍጥነትን 20 በመቶ መጨመር ኃይሉን 73 በመቶ ገደማ ያሳድገዋል። የአየሩ መጠን ግን የሚጨምረው 20 በመቶ ብቻ ነው። ደረጃ በደረጃ 5 በመቶ ጨምራችሁ፣ ደረጃ 3ን ደግማችሁ፣ ልዩነቱ መውረድ ያቆመበት ላይ ተዉት።

ሙቀት አንብቦ ፋን የሚያዝ ስክሪፕት መጻፍ የሚቀናቸው አሉ። የምትጽፉ ከሆነ አንድ ነገር ግዴታ ነው፦ ስክሪፕቱ ቢሞት ወይም ሙቀቱን ማንበብ ቢያቅተው ፋኖቹ ወደ አውቶማቲክ ይመለሱ። ይህ የሌለው ስክሪፕት ከነችግሩ ቢቀር ይሻላል።

በመጨረሻ፣ ጭነቱ እየሄደ አንድ ፋን አውጥታችሁ እዩ፤ ሰርቨሩ ያለ ኃይል ማቋረጥ የሚወጡ ፋኖች ካሉት ብቻ። የተቀሩት ፈጥነው ድራይቮቹን ከማስጠንቀቂያው በታች ካላቆዩ መጠባበቂያ ፋን አለን የምትሉት በወረቀት ላይ ብቻ ነው።

ደረጃ 7፦ ሙቀቱን ከምንጩ ቀንሱ

ብዙ ድራይቮች የኃይል ደረጃቸውን ዝቅ ማድረግ ይፈቅዳሉ፤ ለምሳሌ ባለ 25 ዋቱን ወደ 15 ወይም 12 ማውረድ። የሚቀንሰው በዋናነት የመጻፍ ፍጥነት ነው። ንባብ ለሚበዛበት ሥራ ተጠቃሚው ልዩነቱን ላያውቅ ይችላል፤ ሙቀቱ ግን በግልጽ ይወርዳል። ብዙ ያልተሠራበት ጥሩ መላ ነው።

ኤንቪኤምኢ ከ1.3 ጀምሮ ያመጣው ሌላ መንገድ አለ፦ አስተናጋጁ ሰርቨር ለድራይቩ ሁለት የሙቀት ነጥቦችን ይሰጠዋል። በመጀመሪያው ነጥብ ላይ ቀለል አድርጎ ይገድባል፣ በሁለተኛው ጠበቅ አድርጎ። የፊቸር ቁጥሩ በሄክሳዴሲማል 10 ሲሆን ነጥቦቹ በኬልቪን ይጻፋሉ። የመጀመሪያውን ከድራይቩ የራሱ ማስጠንቀቂያ ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ስታስቀምጡ ፍጥነቱ በድንገት ከመውደቅ ይልቅ ቀስ ብሎ ይወርዳል። የምላሽ ጊዜ ለሚያሳስበው ሲስተም ይህ ለውጥ የሚያመጣ ነገር ነው። ድራይቩ ይህን እንደሚችል ደረጃ 1 ላይ ባያችሁት መለያ ውስጥ ተጽፏል።

ከዚህ ሌላ የሥራ ሰዓትን ማራራቅ ነው። ባክአፕ፣ የሬይድ ፍተሻና የዳታቤዝ ጥገና አንድ ሌሊት ላይ እንዳይወድቁ ለዩዋቸው። ትሪም (የተሰረዘውን ቦታ ለድራይቩ የሚያሳውቀው ትዕዛዝ) መሥራቱን አረጋግጡ፤ ከድራይቩም የተወሰነ ቦታ ሳትከፋፍሉ ተዉለት። ሁለቱም ድራይቩ በውስጡ ደጋግሞ የሚጽፈውን ይቀንሳሉ፤ የሚጽፈው ከቀነሰ ሙቀቱም ይቀንሳል።

ደረጃ 8፦ ክፍሉና ከፍታው

አሽሬ የተባለው የማሞቂያና ማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር ለሰርቨር መግቢያ አየር የሚመክረው ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ነው። ኤ2 ለሚባለው የመሣሪያ መደብ የሚፈቀደው ከ10 እስከ 35 ይደርሳል። የሚፈቀደው ማለት ግን የሚመከረው ማለት አይደለም፤ 35 ላይ መሣሪያው ይሠራል፣ የናንተ ልዩነት 40 ከሆነ ድራይቩ 75 ነው።

ከፍታ የሚረሳ ነገር ነው። ከባሕር ወለል በላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ያው ፋን በያው ፍጥነት የሚያሳልፈው አየር ክብደቱ ያነሰ ስለሚሆን የሚሸከመው ሙቀትም ያንሳል። ለኤ2 መደብ ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ ከላይኛው ገደብ 1 ዲግሪ ይቀነሳል። 2100 ሜትር ላይ ያለ ሰርቨር ስለዚህ የሚፈቀድለት 35 ሳይሆን 31 ነው። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚሳሳ፣ በደረጃ 4 ስሌት ላይ 3 የነበረውን ወደ 3.7 ከፍ አድርጉት።

ከቀዝቃዛ ቦታ የመጣ ድራይቭ ሞቃትና እርጥብ ክፍል ውስጥ ወዲያው አይሰካ። ላብ ይይዘዋል፤ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ በማሸጊያው ውስጥ ይቆይ።

ደረጃ 9፦ ማንቂያና አደጋ ሲደርስ

ማንቂያውን ከማስጠንቀቂያው ሙቀት 10 ዲግሪ ዝቅ አድርጋችሁ፣ ለ5 ደቂቃ ከቆየ እንዲጮኽ አስቀምጡ። አፍታ ዘሎ ለሚመለሰው ማንቂያ አያስፈልግም፤ ማንቂያ ከበዛ ማንም አያየውም። ከሙቀቱ ይልቅ የደረጃ 2 ቆጣሪዎች ሲጨምሩ የሚጮኽ ማንቂያ ይበልጥ ይጠቅማል፤ አጭሩን ትሮትል የሚይዘው እሱ ነው። በተጨማሪ እያንዳንዱን ስሎት ከጎረቤቶቹ ጋር አወዳድሩ። ተመሳሳይ ሞዴልና ጭነት ያላቸው ድራይቮች መካከል አንዱ በ8 ወይም በ10 ዲግሪ ከበለጠ፣ ሁሉም ከገደብ በታች ቢሆኑም፣ የጎደለ ብላንክ፣ የቆመ ፋን ወይም መታመም የጀመረ ድራይቭ አለ። በየደቂቃው ማንበብ በቂ ነው።

ድራይቩ አደገኛው ሙቀት ላይ ከደረሰ ራሱን ሊያጠፋ ይችላል፤ ለከርነሉ ድራይቩ እንደተነቀለ ይታየዋል። እንዲህ ሲሆን ነቅሎ መልሶ ለመሰካት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ጭነቱን አቁሙ ወይም ወደ ሌላ ሰርቨር አዙሩ፤ ፋኖቹን በእጅ ወደ ሙሉ ፍጥነት አውጡ፤ የመግቢያ አየሩን እዩ። ብዙ ድራይቮች አብረው ከጠፉ ጥፋቱ ከድራይቮቹ ሳይሆን ከአየሩ ነው፤ አንድ ብቻ ከጠፋ ያንን ስሎት መርምሩ።

ከቀዘቀዘ በኋላ ኃይሉን አጥፍቶ ማብራት ብዙ ጊዜ ይመልሰዋል። ስማርት ሎጉን አንብባችሁ የክሪቲካል ደቂቃዎቹንና የሚዲያ ስህተት ቆጣሪውን መዝግቡ፤ የሚዲያ ስህተቱ ከጨመረ ድራይቩን ቀይሩት። ሪቢልድ (የጠፋውን ዳታ በአዲስ ድራይቭ ላይ መልሶ መገንባት) ለመጀመር ግን አትጣደፉ። ሪቢልድ በአዲሱ ድራይቭ ላይ ያለማቋረጥ የሚጻፍ፣ ከሌሎቹም ላይ ያለማቋረጥ የሚነበብ፣ ሰዓታት የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ምክንያቱ ሳይስተካከል ከተጀመረ ሁለተኛውን ድራይቭ ይዞ ሊወድቅ ይችላል። የሪቢልዱን ፍጥነት ገድባችሁ አስጀምሩ፣ የመጀመሪያውን 30 ደቂቃ የሁሉንም ድራይቮች ሙቀት እያያችሁ ቆዩ፤ ከረጋ ፍጥነቱን ቀስ በቀስ ልቀቁለት።